ጆሮ የማትጠይቅ ሞተር

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ጎልቻ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፤ ጢሙን ስላሳደገ መጀመሪያ ላታውቀው ትችላለህ። በእጅህ እንጂ ለሸፊቃ እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። እህቴን ጠልቻት አይደለም። በስልኳ መልእክት በላክሁ ቁጥር «ሙጂባ ደህና ናት» ለማለት አውራ ጣቷን ቀስራ ታሳይህና ነገሩ እዚያው ያልቃል። የዛሬው ወሬ በአውራ ጣት አያልቅም።

ፊደሌን አይተህ እንዳትስቅ። እዚህ ኬንያ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ነው። አማርኛን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በተቃጠለ ዘይት እየጻፍክ። እስከ ዛሬ «ሀ»ን ሳያት የሞተር ዘይት ይሸተኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሸፊቃ ባለፈው ስትመጣ ሁሉንም ነግራኛለች። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ትውላለህ አሉ። ከጁምዓ በቀር ከቤት አትወጣም። እንግዳ ሲመጣ ተነስተህ ጓዳ ትገባለህ። «ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ማየት ሰልችቶኛል» አልክ አሉ። ኧረ አባ! ያ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ግማሽ ቀን የሚያወራው ሰውዬ የት ሄደ? ያቤሎ ሸፊቃ ጋ የሄድከው ልታርፍ እንጂ ልትደበቅ አልነበረም። ስለዚህ ልመልስህ ነው የምጽፈው። ወደ ሰፈራችን ማንያታ እንድትመለስ እፈልጋለሁ፤ መመለስ ብቻም አይደለም፣ ሞተር ላይ እንድትወጣ። ቆይ፣ ወረቀቱን አትጨብጠው። ሰው የጀመረውን ይጨርሳል ስትል አልነበር? አንብብ።

ዳለቻን ታስታውሳታለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ዋልዳ ያለው የስደተኞች ካምፕ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሸራና ብርድ ልብስ ሲሻማ፣ አንተ የእርዳታ ድርጅቱ መካኒክ ነህና አንዲት ተሰብራ የተጣለች የአገር አቋራጭ ሞተር ለምነህ ወሰድክ። እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «የሰው ባል ብርድ ልብስ ይዞ መጣ፣ የኔው የብረት አጽም ጎትቶ መጣ» እያለች እስክትሞት ድረስ ስቃብሃለች። ቀለሟ ተልጦ ግራጫ ስለሆነች እንደ በሬ «ዳለቻ» አልካት። ጉልበት እንድታገኝ ብለህ ደግሞ ድምጽ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ቆርጠህ ጣልክላት። «ትተንፍስ!» ነበር ያልከው። እሷ ስትተነፍስ ሞያሌ በሙሉ ትንፋሿን ሰማ።

ግን ወላሂ እንዴት ደስ ይል ነበር። አቧራህ ሳይታይ ድምጿ ከቦሪ መንገድ ይመጣል። ወተት ሻጯ ሀሊሞ ከበሯ ሆና «ሰውዬሽ መጣ፣ ጆሮሽን ያዢ!» ትላለች፣ እማዬ ሻይ ትጥዳለች። ዳለቻን በር ላይ ስታቆም ሻዩ ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋው ነው። አንድ ቀን እንኳ ቀዝቃዛ ሻይ ጠጥተህ አታውቅም።

የዒድ ማግስትስ? ቦሪ ደረቁ ወንዝ ውስጥ አፈር ትቆልሉና፣ ዛሬ ልጆቹ ሞቶክሮስ የሚሉትን አንተ «ዝላይ» የምትለውን ስትዘሉ ሰው ከዳር ሆኖ ያብዳል። ውድድሩ ሲያልቅ እኔን ከኋላህ አፈናጠህ ወንዙን ትዞርልኝ ነበር። በዚያ ጩኸት ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ብጮህ አትሰማኝም። ለዚህ ነው ትከሻህን መታ ማድረግ ያስተማርከኝ፤ አንዴ ከሆነ «ቁም»፣ ሁለቴ ከሆነ «ጨምር»። ቁም ያልኩህ የጋለው የጭስ ቱቦ ባቴን የጠበሰኝ ቀን ብቻ ነው። እማዬ እኔን የጥርስ ሳሙና ስትቀባኝ አንተን እርግማን ቀባችህ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ እኔ እንደሆንኩ አልጠላውም።

ትልቅ ስሆን ደግሞ ጆሮዬን አስተማርከኝ። የዳለቻን የኋላ ጎማ በሶዳ ሳጥን አንስተህ፣ ዓይኔን በእማዬ ሻሽ አስረህ፣ ማርሽ እየቀያየርክ «ስንተኛ ናት?» ትለኛለህ። ካወቅሁ ሶዳ፣ ካላወቅሁ ኩርኩም። «ዓይን ይታለላል፣ አንቺ ልጅ፤ ማርሽ በጆሮ ነው» ትል ነበር። በጋራዡ ሥራ እንጀራዬን የምበላው በዚያ ኩርኩም ነው።

ከዚያ ያ ጆሮ ከዳህ። መጀመሪያ አልነገርከንም፣ ልብ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሌም የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮህ ላይ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርገህ ነበር የምታዳምጠው። አንድ ቀን ዘወር ስል እጀታውን በጥርስህ ነክሰህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ድምጹን በአጥንትህ ስትፈልገው አየሁህ።

ቁልፉን የሰጠኸኝ ቀን ግን አይረሳኝም። ከቦሪ እስከ ማንያታ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ አስጩኸሃት መጣህ። ዳለቻ እንደሚታረድ ከብት ስትጮህ ሰው ከየቤቱ እየወጣ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረውም፣ የምትቀልድ መስሏቸው ነው። አንተም አብረህ ፈገግ ብለህ «ምን ሆነው ነው?» አልከኝ። ዓይኔ ማርሹ ላይ አረፈ። ወደ ማርሹ ጎንበስ ብለህ አየህና ፈገግታህ ጠፋ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠህ ገባህ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞተር ላይ ወጥተህ አታውቅም።

አሁን የመጣሁበትን ስማ። መለዋወጫ ከናይሮቢ የሚያመጣልን ዴኒስ በቅርቡ በኤሌክትሪክ የምትሄድ የዝላይ ሞተር በአውቶቡስ ጭኖ መጣ። «ሞክሪያትና ከወደድሻት ጋራዡ ውስጥ እናኖራታለን» አለኝ። ዞርኳት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የሆነች ሙሽራ ነገር።

«ካንዴላዋ የታለ?» አልኩት።

«ሃኩና» አለኝ በስዋሂሊ፣ የለም ነው።

«ፍሪሲዮኗስ?»

«ሃኩና።»

«ማርሿስ?»

«ሃኩና።»

«እንዴ! ታዲያ ምን አላት?»

«ባትሪ።»

የአጎቴ ልጅ መሐዲ፣ አሁን ጋራዡን አብሮኝ የያዘው፣ እጀታዋን ጠምዘዝ ሲያደርግ ጥዝዝ አለች። «ይቺ ሞተር ናት የጸጉር ማድረቂያ?» ብሎ አሳቀን። ሀሊሞ ደግሞ «ሞተርን ፒኪፒኪ ያልነው እኮ ስለሚጮህ ነው፤ ይቺን ማን ልንላት ነው?» አለች። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅሁ። ልብ አድርግ፣ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ቦሪ ይዘናት ወረድን፤ መሐዲ በዳለቻ፣ እኔ በዚችኛዋ። «ሂድ» ስንባባል ዳለቻ ገና ስታስነጥስ እኔ የለሁም። ማሟሟቅ የለ፣ ማርሽ መቀየር የለ፣ እጄን ስጠመዝዝ ሄድኩ። ሞተር ካስተማርከኝ ጀምሮ እንዲህ ያለ አነሳስ አላየሁም፣ እውነቱን ልንገርህ። ከዚያ የአፈሩ ቁልል ደረሰ። እኔ እንዳስተማርከኝ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ፣ አሁን ድምጿ ሲወፍር እቀንሳለሁ፣ አሁን ሲቀጥን እለቃለሁ ብዬ። ምንም የለም። ፍጥነቴን የሚነግረኝ አጣሁ። ዝም እንዳለች አነሳችኝ፣ ዝም እንዳለች ጣለችኝ።

አሸዋው ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሳይ፣ ለካ እንዲህ ነው አልኩ። ለካ አባቴን ያገኘው ይሄ ነው። የምታውቀው ሞተር ከሥርህ ሆኖ ምንም አይነግርህም፣ አንተ ትጠብቃለህ፣ እሱ ዝም። ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ አባ። አለቀስኩ። መሐዲ ክንዴ የተሰበረ መስሎት በስዋሂሊ «ፖሌ! ፖሌ!»፣ አይዞሽ እያለ ተንደረደረ። ሀሊሞ በኋላ ክንዴን በቅቤ እያሸች «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ብላኛለች። አልተሰበርኩም፣ አትደንግጥ።

ተነስቼ እንደገና ወጣሁባት። በዚህኛው ዙር ጆሮዬን ተውኩት። ዓይኔን ቁልሉ ላይ አድርጌ፣ የቀረውን በመቀመጫዬና በመዳፌ አዳመጥሁ፤ መሬቱ ከታች ሁሉንም ይነግርሃል። ዘለልኩ፣ በሁለት ጎማዬ አረፍኩ! ስመለስ የማላውቀውን ቦሪን ሰማሁ፤ የጎማዬን አሸዋ፣ የፍየሎቹን ቃጭል፣ የራሴን ትንፋሽ። ዳለቻን ሲሰሙ የሚበረግጉት ግመሎች ቀና እንኳ አላሉም። እረኛው አዳኖ፣ ያ ሁሌ የሚረግምህ፣ አዝኖልኝ «ሞተርሽ ጠፍቶ ነው? ልግፋልሽ?» አለኝ።

የሱ ሟርት ነው መሰለኝ፣ ትንሽ ቆይታ እውነትም ጠፋች። ባትሪዋ አለቀ። ዳለቻ ብትሆን ከመንገድ ዳር አንድ ጠርሙስ ቤንዚን አጠጥተህ ትሄዳለህ። ለዚችኛዋ በቦሪ ሜዳ ላይ ሶኬት ከየት ይምጣ? በገመድ አስረን በዳለቻ ጎትተን አመጣናት። ማንያታ ዳግመኛ ከየቤቱ ወጥቶ ሳቀ። «አሮጊቷ ሙሽራዋን ይዛ መጣች!» ብላ ሀሊሞ እልል አለች።

ስለዚህ አዲሷ ከአሮጌዋ ትበልጣለች ብዬ አልዋሽህም። ለሩቅ መንገድ ዳለቻን የሚያህል የለም። ብሎኗ ሁሉ በእጅህ ይፈታል፣ በእጅህ ይታሰራል፤ የአዲሷ ባትሪ ቢበላሽ እኔም መሐዲም አፋችንን ከፍተን ነው የምናያት። ደግሞ አዲሷን ነድቼ ቤት ስገባ ማንም አይሰማኝም። ሻይ የሚጥድልኝ የለም። ዳለቻን አልሸጥኳትም፣ አልሸጣትምም። አንዳንድ ቀን እንዳትደርቅ ብዬ ሳስነሳት ሀሊሞ አሁንም በሯ ላይ ብቅ ትላለች፣ ቦሪ መንገድን አየት አድርጋ ትመለሳለች። እኔም አየዋለሁ። ናፍቀኸናል በቃ፣ ምን ልበልህ።

ግን አባ፣ ዳለቻ ጆሮህን ትፈልጋለች። ይቺኛዋ አትፈልግም። እሷ ላይ የሚሰማና የማይሰማ ሰው እኩል ነው፤ እንዲያውም እኔ በጆሮዬ የተነሳ ነው የወደቅሁት። ማርሽ የላት፣ በሁለተኛ አስጩኸህ የምትመጣበት ነገር የለም። የሚያስፈልጋት ዓይንና መዳፍ ነው፣ ያ ደግሞ ካንተ የተሻለ ያለው ሰው አላውቅም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ልትለኝ ነው። እሺ፣ መጥተህ ራስህ አቡካው።

ዴኒስ ዓረፋ እስኪያልፍ ድረስ ትቶልኛል። የበዓሉ ማግስት ቦሪ እንወርዳለን። ዝላይ አልልህም፣ ሜዳ ለሜዳ፤ ሸፊቃም ብትሰማ ልቧ አይቆምም። አስፋልት ላይ አንወጣም። «ከኋላዬ የሚመጣውን አልሰማም» ትላለህ፣ አውቃለሁ፣ የምትፈራው እሱን ነው። ከኋላህ የምቀመጠው እኔ አይደለሁ?

ደግሞስ ያኔ መች ትሰማኝ ነበር? ያን ሁሉ ዓመት ዳለቻ ላይ ከኋላህ ሆኜ ስጮህ፣ ስዘፍን፣ ስሳቅ፣ አንዲት ቃል ሰምተህ ታውቃለህ? ሁሉን በትከሻህ ነበር የምነግርህ፣ አንተም አንድ ቀን ተሳስተህ አታውቅም። እኔና አንተ ጆሮ ኖሮን የተነጋገርን ይመስልሃል እንዴ? ስለ ትከሻህ ደግሞ ሸፊቃን ጠይቄያለሁ። «ቀኙን ትንሽ ያመዋል» አለችኝ። ችግር የለም፣ ግራውን ነው።

ጎልቻ ነገ በዚያው ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ይዞልሃል። ሀሊሞም «ኮቱ በዪው፣ ይምጣ» ብላለች። ሻዩን እሷ ናት የምትጥደው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጎልቻ ይህን ወረቀት ሲሰጥህ ግራ ትከሻህን ሁለቴ መታ አድርጎሃል አይደል? ምን ማለት እንደሆነ እሱ አያውቅም። እንዲያደርገው የነገርኩት እኔ ነኝ።

ከኋላህ የምትቀመጠው ልጅህ፣
ሙጂባ
ማንያታ፣ ሞያሌ