ከጠላው በፊት

ሰኞ

እርር ድብን ብያለሁ። ይኸው ጻፍሁት፤ አባ ይፍረዱኝ።

አባ የነፍስ አባቴ ናቸው። "ቁጡ ሆኛለሁ፤ ትንሹም ትልቁም ያንጨረጭረኛል" ብዬ ብናዘዝ ስግደት ያዙኛል ስል፣ "መጻፍ ትወጂ የለም? በየቀኑ ተመስገን የምትዪበትን ነገር ጻፊ" ብለው አሰናበቱኝ። ስግደቱ ይሻለኝ ነበር። ስግደት የሚያደክመው ጉልበት ነው፤ ይኼኛው ውሸት ሊያስለምደኝ ነው።

እሺ። ተመስገን፦ ጤነኛ ነኝ። ቤቴ ሰላም ነው። ይበልጣል ጥሩ ባል ነው። (የመጨረሻዋን ጥርሴን ነክሼ ነው የጻፍኋት።)

አሁን ወደ እውነቱ። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሳሞቅ ስልክ ተደወለ። ከሞጣ ነው። አንዷለም የሚባል ወጣት መምህር፣ የንባብ ክበባቸው ሰብሳቢ። ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ የማንበቢያ ክፍል ይመርቃሉ። የላክሁላቸውን አጭር ልብ ወለድ ወድደውታል፤ መጥቼ እንዳነብላቸው ይፈልጋሉ። እኔ! ብቸና ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻና የሰው ፈተና ሳባዛ በመሀል በመሀል የምሞነጫጭረውን! ከባሌና ከጓደኛዬ ከዘይነባ በቀር ማንም ጆሮ ያልሰጠውን! ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

"በጣም ደስ ይለኛል" አልሁት።

"እኛም ደስ ብሎናል። እንግዲህ ጠላውን እንዳይረሱብን።"

"የምን ጠላ?"

"ባለቤትዎ ቃል ገቡልን እኮ! ትናንት ስደውል እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ስልኩን እሳቸው አነሡት። የእሷን ጠላ ካልቀመሳችሁ ምኑን ተመረቀ አሉን።"

ይበልጣል! ለሰንበቴ ተራችን ብዬ ያዘጋጀሁትን ድፍድፍ፣ ገና ውሃ እንኳ ያልገባበትን፣ ለሞጣ ሰው አድሎልኛል። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥሁና "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለምን እሺ እንዳልሁ አላውቅም። ከዚያ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ስጮህበት ዋልሁ።

ማክሰኞ

ተመስገን፦ ማታ እንጀራው አልሻገተም። ዛሬ ከዚህ በላይ አይወጣኝም።

ይበልጣልን ያዝሁት። ሒሳብ ነው የሚያስተምረው፤ ሲከራከርም እንደ ጥቁር ሰሌዳ ነው።

"አንቺን ማመስገን ጥፋት ሆነ? ሙያሽ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ይዩልሽ ብዬ ነው። አንድ ሲደመር አንድ..."

"ለሴት አንድ ሲደመር አንድ ጠላ ነው!" አልሁት። "ከጠጡ በኋላ ማን ታሪክ ያስታውሳል? 'ያቺ ጠላ ያመጣችው ሴትዮ' ነው የምባለው!"

ቀጥሎ ምን አደረገ? ሄዶ ለጋኑ ማጠኛ የወይራ እንጨት ፈልጦ አመጣልኝ፤ ሳልጠይቀው። ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? ቁጣዬን የት ላድርሰው? ስንት ሴት ባሏ ሰክሮ እየገባ በደንብ ትጮኻለች፤ እኔ እንጨት ይፈለጥልኛል።

ከሰዓት ደግሞ ዘይነባ ደወለች። ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው። ቤተሰቦቿ ከቅድመ አያቶቿ ጀምሮ ሞጣ የነገዱ ናቸው፤ እሷም ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች። አዲስ ታሪክ ስጽፍ በስልክ አነብላታለሁ፤ እሷ ጨርቅ እየለካች ትሰማኛለች።

"ማስታወቂያውን አየሽው?" አለችኝ።

አላየሁም። በቴሌግራም ላከችልኝ። ምናለ ባልላከችልኝ! የመክፈቻ ንግግር። ቡራኬ። ግጥም። የክብር እንግዳ መልእክት። "ልዩ የብቸና ጠላ በወ/ሮ ባንቺአምላክ።" ከታች፣ በጣም ከታች፣ "አጭር ልብ ወለድ (ጊዜ ካለ)።"

ጊዜ ካለ!

ቆሽቴ አረረ። መልሼ ደወልሁላት። "ጊዜ ካለ ይላል እኮ፣ ዘይኑ!"

"አይቻለሁ። እኔ እንደሆንሁ ጠላሽን አልጠጣው። አንቺን ለመስማት ነው የምመጣው፤ ካላነበብሽ ሱቄን ዘግቼ ምን ልሠራ ነው?"

"አልሄድም" አልኋት።

"አትሂጂማ። ጠላው ብቻውን ይምጣና አንቺ ቅሪ" አለችኝ። ነገረኛ!

ረቡዕ

አልሄድም ብዬ ወሰንሁ። እሄዳለሁ ብዬ ወሰንሁ። እንደገና አልሄድም። እንዲህ ሆኜ ጋኑን በግራዋ ፈትጌ አጠብሁ፤ በወይራ አጠንሁ፤ ድፍድፉን ገልብጬ ውሃ ሞላሁበት።

ተመስገን፦ ይኼኛው እውነተኛ ነው። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ብናደድም ባልናደድም ጌሾው ልኩን አይስትም። የጠነሰስሁ ለታ ብቅሉ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል። ጠላ መጥመቅ እወዳለሁ፤ ማንም አስገድዶኝ አያውቅም። ጎረቤት ቀምሶ ዝም ሲል፣ ሁለተኛ ሲያስቀዳ ደስ ይለኛል። እንግዲህ የሚያንገበግበኝ ጠላው አይደለም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ተቀምጦ፣ ሌላ ነገር ሳያይ፣ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው እንዲሰማኝ። አንድ ቀን! ይህ ትዕቢት ከሆነ አባን እጠይቃለሁ።

ታሪኩ የሁለት እህትማማቾች ነው። ባባታቸው ግቢ አጎራብተው ይኖራሉ። በአንድ ክንድ አጥር ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። በበዓል ዋዜማ ታናሺቱ የታላቂቱን በር ታንኳኳለች። ታላቂቱ ከውስጥ ሆና ትሰማለች። ትክፈት አትክፈት፣ ታሪኩ ይኼው ነው። በአጥር ያልተጣላ ቤተሰብ በእኛ አገር ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

እሄዳለሁ።

ዓርብ

አጥልዬ በጀሪካን ሞላሁት። ቀመስሁት። ተመስገን፦ ጥሩ ሆኗል። በጣም ጥሩ ሆኗል፤ እሱም አናደደኝ። ትንሽ ጎምዝዞ ቢሆን ምን ነበረበት? ገና ለጋ ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ይፈላል፤ ክዳኑን ላላ እያደረጉ ማስተንፈስ ያስፈልጋል።

ትናንት መብራት ሄዶ ሳልጽፍ ቀረሁ። አባ ይቅር ይበሉኝ።

ይበልጣል "አንብቢልኝ፤ ልምምድ ይሁንሽ" አለኝ። አነበብሁለት። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "ከጠላሽ ይበልጣል" አለኝ። ማመስገኑ እኮ ነው! ትራስ ወረወርሁበት።

ቅዳሜ፣ ደብረ ወርቅ

ሚኒባሱ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሻይ ይጠጣል። አቧራው አይጣል ነው። ጀሪካኖቹ ኋላ ናቸው፤ ይበልጣል አጠገባቸው ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይጠብቃቸዋል። በየፌርማታው ክዳናቸውን እያላላሁ አስተነፍሳቸዋለሁ። አንዷ ተሳፋሪ "ምንድን ነው የሚያፏጨው?" ብላ ስትጠይቅ፣ ይበልጣል ከኋላ ደረቱን ነፍቶ "የባለቤቴ ጠላ ነው" አላት።

ደራሲ ናት ብሎ አላስተዋወቀኝም። ሞጣ እስክንደርስ አላናግረውም።

ተመስገን፦ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው።

እሑድ፣ ሞጣ፣ ዘይነባ ቤት

ትናንት የሆነውን ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ክፍሉ ጢም ብሏል። ቄሱም ሼሁም መረቁ። ንግግሩ ረዘመ። ግጥም ተባለ። ሌላ ንግግር ተባለ። የክብር እንግዳው ስለ ንባብ ጥቅም ሲያወሩ ግማሹ ሰው አንገቱን እያዞረ ጀሪካኖቹን ያያል። ብርጭቆ ተደርድሯል። እኔ ወረቀቴን በላብ አርሼ ተራዬን እጠብቃለሁ።

አንዷለም አዲስ ግራጫ ኮት ለብሶ፣ እየተሽቆጠቆጠ መጣና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። "እትዬ ባንቺአምላክ፣ ሰዓቱ ተጣበበብን። መስተንግዶውን እናስቀድምና ታሪኩን ከዚያ በኋላ ብናየው ምን ይመስልዎታል?"

ምን ይመስለኛል! ተነሣሁ። ቀጥ ብዬ ወደ ጀሪካኖቹ ሄድሁ። ይበልጣል ክዳኖቹን አላልቶ አስቀምጧቸዋል። አንድ በአንድ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጥርቅም አድርጌ ዘጋኋቸው። ከዚያ ወደ ሰው ዞርሁ።

"ይህን ጠላ የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ አንድ ጠብታ አይቀዳም። የጠማው ይስማ፤ የቸኮለ መንገዱ ያውና!"

ዘይነባ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ይበልጣል ክዳኖቹን አየ፤ እኔን አየ፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኔን ሳፈጥበት መልሶ ዘጋው። ምናለ ያን ጊዜ ብሰማው!

አነበብሁ። እህትማማቾቹ ተጣሉ፤ አጥሩ ታጠረ፤ ዓመታት አለፉ። ቀና ብዬ ሳይ ሰው ያዳምጣል። ወይም ጠላውን ይጠብቃል፤ በምን ይታወቃል? የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ታናሺቱ መጥታ ከበሩ ቆመች። እጇን አነሣች፣ አንኳኳች...

ዷ!

ግማሹ ሰው ወንበር ሥር ገባ። በዚህ ዘመን ምን ይፈረድበታል? እኔም ጎንበስ ብያለሁ። ቀና ስል አንደኛው ጀሪካን ክዳኑን ጣራ ላይ ልኮ አረፋውን ይተፋል። የክብር እንግዳው ፊት በጠላ ታጥቧል። የአንዷለም ኮት ግራጫነቱ ቀርቷል። ሁለተኛውም ተከተለ። ሰው ተኩስ አለመሆኑን ሲያውቅ ሳቁን ለቀቀው፤ እንዲያ ያለ ሳቅ በሠርግም አልሰማሁ። አንዱ ብርጭቆ ይዞ እየሮጠ ከአየር ላይ ሊቀልብ ይሞክራል።

ለጋ ጠላ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ማን ነው? ጠላ ጠምቃ የማታውቅ ሴት! በሞጣ ሕዝብ ፊት ጠላዬም ታሪኬም አብረው ፈሰሱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ይኸው ነው የኔ ነገር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ወረቀቴን አጠፍሁ።

"ዝም በሉ!"

ፊት የተቀመጡት አሮጊት ናቸው። በኋላ ሳጣራ የአንዷለም እናት፣ እማማ ጥሩወርቅ። ነጠላቸው ጠላ ያንጠባጥባል። በዱላቸው ወለሉን ደበደቡት።

"ዝም በሉ ብያለሁ! ይፍሰስ! ጠላ የትም አለ፤ ምን ያስገለፍጣችኋል?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ ምን ወረቀት ታጥፊያለሽ? ያቺ ልጅ ከደጅ ቆማለች እኮ! ንገሪን፤ ከፈተችላት ወይስ አልከፈተችላትም?"

ሰው አንድ በአንድ ዝም አለ፤ መልሶም ተቀመጠ። ጠላው ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ወደዚያ የሚያይ ግን የለም። እኔን ነው የሚያዩት።

ዘረጋሁና እስከ መጨረሻው አነበብሁ። ታላቂቱ አልከፈተችም። እጇን የበሩ መወርወሪያ ላይ አድርጋ፣ የታናሺቱ ኮቴ እስኪርቅ ቆመች። አለቀ።

አላጨበጨቡም። እማማ ጥሩወርቅ "አልወደድሁትም!" ብለው ተነሡ። "ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ? የእናቷ ልጅ ናት እኮ! መክፈት ነበረባት!"

"አጥሩን የገፋችው ታናሺቱ ናት፣ እማማ!" አልኋቸው፤ እኔም ጮህሁ።

"ብትገፋስ? መሬቱን ይዛው ልትቀበር ነው?"

አንድ ሰውዬ ከኋላ "ደግ አደረገች! የኔን ወንድም ብታውቁት እንዲህ አትሉም ነበር!" አለ። ሌላው ተነሣበት። ቄሱ ስለ ዕርቅ ጀመሩ፤ ሼሁም ተጨመሩ፤ ሰሚ ግን አልነበረም። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ስለ ታሪኬ ተጣሉ! እግራቸውን ጠላ ውስጥ ነክረው፣ በሕይወት ኖረው ስለማያውቁ ሁለት ሴቶች ተጯጯሁ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮህሁ፤ ድምፄ እስካሁን ዝግ ነው።

ይበልጣል ያን ሁሉ ሰዓት ወለል ሲወለውል ነበር።

ተመስገን፦ እዚህ ላይ ምን እንደምጽፍ አጣሁ። ዝም ብዬ ተመስገን።

ሰኞ፣ ብቸና

ደኅና ገባን። ነጠላዬ አሁንም ጠላ ጠላ ይላል።

አንዷለም ደወለ። ስለ ኮቱ ይቅርታ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ፤ ስለ "ጊዜ ካለ"ዋ እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ። ለፋሲካ ሌላ ዝግጅት አላቸው፤ ሌላ ታሪክ ይፈልጋሉ። ከመጀመሪያው እንዳነብ። "ጠላ ግን እንዳይለፉ፤ ታሪኩ ብቻ ይበቃናል" አለኝ።

ይህን ለመስማት ስንት ተቃጠልሁ! ሰማሁት፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ እንደገና ደሜ ፈላ። ምነው? ጠላዬ ምን ሆነ? አልቀመሱት!

"እናቴ ግን አንድ ነገር አሉ" ብሎ ቀጠለ። "በሩ የሚከፈትበትን ካልጻፈች እኔን እንዳትጠሩኝ ብለዋል።"

"አይከፈትም ብላለች በላቸው" አልሁት። "የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በሩም የኔ ነው። ታላቂቱን አውቃታለሁ፤ አትከፍትም!"

ስልኩን ዘጋሁ። ደንበኛ መጣ፤ የመታወቂያ ኮፒ አነሣሁለት። ሌላ መጣ። አልከፍትም። ማንም በዱላ ወለል ስለደበደበ ታሪክ አይቀየርም።

ብቻ ዛሬ ነፋሱ ይበርዳል። ታናሺቱ ደግሞ ነጠላ ብቻ ነበር ያለበስኋት።