ሳይጠይቅ የሚከፈት ኮምፒዩተር

ሰኞ፣ የካቲት 5፣ 2004 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡30

ዛሬም ከሥራ ተነሥቼ ወደ ቤት። መብራት ሄዶ መጣ፣ ኮምፒ. ጠፍቶ ተነሣ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀ፣ አባዬ ደወሉ። «የሻ፣ ተዘጋብኝ።» ባጃጅ ያዝኩ፣ ገባሁ፣ ቃሉን ጻፍኩ፣ ተከፈተ። ተመለስኩ። ከምሳ በኋላ ደግሞ እንደገና። ባጃጅ አጥቼ በጋሪ መጣሁ። ፈረሱም ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል።

አንች አዲስ ነሽ ማስታወሻዬ። ያለፈችው አልቃ ሣጥን ገብታለች፤ የምታውቀውን አልነገረችሽም። ስለዚህ ልንገርሽ።

አባዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ማንኩሳ አስተማሩ። ሲሰናበቱ ተማሪዎቻቸው አዋጥተው ይህን ኮምፒ. ገዙላቸው። በልጅነታቸው ግሽ ዓባይ፣ ቅኔ ቤት ሳሉ፣ ከመምህራቸው የሰሙትን ቅኔ ከነፍቺው ሊጽፉበት ጀመሩ። አንድ ቀን ተከራያችን ፊልም ላይበት ብሎ ገብቶ የተጻፈውን አጠፋው። አባዬ ተከራዩን አስወጡ፤ ኮምፒ.ውን በይለፍ ቃል አስቆለፉ። ቃሉን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ላንችም አልነግርሽም።

ከዚያ በሽታ ቀኝ ጎናቸውን መታው። ቀኝ እጃቸው ቀረ። በግራቸው ይጽፋሉ፣ ቀስ እያሉ፣ የነኩት ፊደል ሲወጣ እያዩ። የይለፍ ቃል ላይ ግን ፊደል አይወጣም። ነጥብ ብቻ። የጻፍኩትን ካላየሁት እጄ ይጠፋብኛል ይላሉ። ይሳሳታሉ፣ ይደግማሉ፣ ይናደዳሉ። ከዚያ እኔ ነኝ።

ቃሉን በአንድ ቁጥር እንለውጠው ብያቸው ነበር። አሻፈረኝ አሉ። አንድ ቁጥርማ መንገደኛው ሁሉ ይገምተዋል አሉ። መንገደኛው እኛ ቤት ምን ሊያደርግ ይገባል? እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚመጣው የቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 7

ግምገማ ነበር። የሥራ ሂደት መሪያችን ስም ሳይጠሩ ተናገሩ፦ የመንግሥትን ሰዓት ለቤታቸው ጉዳይ የሚያውሉ አሉ። ሁሉም ወረቀቱን ያያል። እኔ ግለ ሂስ አደረግሁ። አስተካክላለሁ አልኩ። ይህን ስል ስልኬ በቦርሳዬ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባዬ።

ስብሰባው ሲያልቅ ጠሩኝ። ተግሣጽ መስሎኝ ነበር። ለካ የቡሬው የሥራ ዕድገት ጸድቆልኛል! ባለፈው ዓመት ተወዳድሬ፣ አይሆንም ብዬ የረሳሁት። ሰኞ፣ የካቲት 19 እዚያ ሪፖርት ካላደረግሁ ለተጠባባቂው ይሰጣል።

ደስ አለኝ። በጣም። ባጃጅ ላይ ስወጣ ደስታው ወረደ።

ቡሬ ሩቅ አይደለም። ሰው ለገበያ ሄዶ ይመጣል። ሥራው ግን ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ነው፤ ኑሮ እዚያው ነው የሚሆነው። አባዬስ? ምግብ የምትሠራልን ሴት ከሰዓት በፊት ጨርሳ ትሄዳለች። መብራት ሲጠፋ ማን ይከፍትላቸዋል?

ይታይሽ ማስታወሻዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያሰረኝ አንዲት ቃል ናት።


ሐሙስ፣ የካቲት 8። ከምሳ በፊት፣ ቢሮ

ይበልጣልን ጠየቅሁት። የመ/ቤታችን የኮምፒ. ባለሙያ ነው፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ነገር አያካብድም። ሳቀብኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው የምትመላለሽው? አለ።

የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበትን ሣጥን ስክሪኑ ላይ መክፈት፤ ስምና የይለፍ ቃል ይጠየቅ የምትለዋን ምልክት ማንሳት፤ ቃሉን አንዴ ለራሱ ለኮምፒ.ው መስጠት። በቃ። ከዚያ በኋላ ሲነሣ ራሱ ይገባል፣ ማንንም አይጠይቅም። የመ/ቤት ኮምፒ. ላይ እንዳትሞክሪው አለ፤ ማንም ይገባበታል። ቤት ላለ የግል ኮምፒ. ግን፣ የቤቱን ሰው ካመናችሁ፣ ችግር የለውም። ሣጥኑ የሚከፈትበትን የእንግሊዝኛ ቃል በብጣሽ ወረቀት ጻፈልኝ።

ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ቀላል ነገር ናት። ለምን እንደፈራኋት አላውቅም።

አውቃለሁ። ይህን ካደረግሁ የምቀርበት ምክንያት አይኖረኝም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 10። ከቀኑ 9 ሰዓት

ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ሬዲዮኑን በረንዳው ላይ ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ዘፈን ይዘፍናል። በመስኮቱ አባዬ ይታዩኛል። ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው። መጻፍ አቆሙ። ወደ ግቢው ተመለከቱ፤ ከተንጠለጠለው አንሶላ ጀርባ ስለሆንኩ አላዩኝም። ከዚያ ደኅናውን እግራቸውን ዘረጉና ወለል ላይ ያለውን፣ ኮምፒ.ው የተሰካበትን የሶኬት ማከፋፈያ ቀይ ማብሪያ ተጫኑት። ስክሪኑ ጠቆረ። ትንሽ ቆዩ። መልሰው ተጫኑት።

«የሻ! መብራቱ ሄዶ መጣ! ተዘጋብኝ!»

ሬዲዮኑ ጆሮዬ ሥር እየዘፈነ።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁ። ቃሉን ጻፍኩ። ተከፈተ። ተባረኪ አሉኝ። አሜን አልኩ። ወጣሁ። ያጠብኩትን ልብስ መልሼ አጠብኩት።

ስንት ቀን? ከስብሰባ የተነሣሁባቸው፣ በፀሐይ የሮጥኩባቸው፣ ለሂደት መሪው የዋሸሁባቸው። ስንቱ መብራት ነበር፣ ስንቱ እግራቸው?


እሑድ፣ የካቲት 11

ቅበላ ነው። ከጎረቤት ቤት ሁሉ የወጥ ሽታ ይመጣል። እኛም ዶሮ አለን። እኔ ምንም አይጥመኝም።

ተናድጃለሁ፤ ይህን ላንች ብቻ ነው የምለው። ተናድጄ ነው ወረቀቷን ያወጣኋት። አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሳይጠይቅ እንዲከፈት ላደርገው ነው አልኳቸው። ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። አጠገቤ ቆሙ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ምልክቷን አነሣሁ፣ ስማቸውን፣ ቃሉን፣ ቃሉን ደግሜ። አጥፍቼ አስነሣሁት።

ስሙ ወይም ቃሉ ትክክል አይደለም አለኝ።

አባዬ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም። «አልሆነም? አልሆነም። ተይው እንግዲህ፣ ዶሮው ይቀርባል።» የሚወዱትን ብልት አንስተው ለኔ ሰጡኝ። በደስታ በሉ። ንዴቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከዚያ ወዲያ አጣሁት።


ማክሰኞ፣ የካቲት 13። ከቀኑ 12 ሰዓት

ይበልጣል ስህተቴን ነገረኝ። ሣጥኑ የሰጠሽውን ቃል ትክክል ይሁን አይሁን አያጣራም፤ ስትቸኩይ አንድ ፊደል አሳስተሽ ይሆናል፣ ያንኑ ስህተት ደግመሽ ሰጥተሽዋል አለ። ልክ ነው። በንዴት ነበር የጻፍኩት። ደግሞ ለብቻው የሚስተካከል ሌላ ነገር አለ፦ ሳይነካ ቆይቶ ሲያንቀላፋ፣ ሲቀሰቀስ ቃል እንዳይጠይቅ።

ዛሬ ሁለቱንም አደረግሁ። ቀስ ብዬ። አጠፋሁ፣ አስነሣሁ። ጠበቅን። ስማቸው መጣ፣ አለፈ፣ የጻፉት ሁሉ ፊታቸው ላይ ተዘረጋ። አንድም ነገር ሳይጠይቅ።

አባዬ ወደኔ ዞሩ።

«የይለፍ ቃል ነው የምትሉት?»

«አዎ አባዬ።»

«በር ላይ ቆሞ ይለፍ የሚል ጠባቂ ነበረኝ። ጠባቂዬን አነሣችሁብኝ። እንግዲህ የቀረኝ ማለፍ ነው።»

የቅኔ ተማሪ ናቸው እኮ። ሰሙን ሰማሁ። ወርቁን እንዳልሰማሁ ሆኜ ሻይ ላፈላ ወጣሁ።


ረቡዕ፣ የካቲት 14

ስልኬ አልጮኸም።

ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ፤ ቢሮው ሁሉ ጨለመ። መጣ። አሁን ይደውላሉ አልኩ። ዝም። ሂደት መሪው በኔ በኩል ሲያልፉ ጎበዝ ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋይል ገልጬ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ስልኩ ሞቶ ይሆን? ይበልጣል እንዲደውልልኝ አደረግሁ። ጮኸ። ስልኩ ደኅና ነው።

የሚደውሉ ጊዜ እስረኛ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ምን ልበልሽ፣ አሳሪው የሞተበት እስረኛ። ወድቀው ቢሆንስ? ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወጣሁ። ባጃጁን ፍጠን፣ ፍጠን።

ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኮምፒ.ው ተከፍቷል። አንድ ፊደል አልጻፉም። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«ምነው መጣሽ? ተከፍቷል እኮ።»

«ምሳ ላቀርብልዎ ብዬ ነው።»

«ጾም አይደል እንዴ? ገና ነው።»

ረስቼው። ትናንት ራሴ ነኝ ሽሮ የገዛሁት።


ዓርብ፣ የካቲት 16

ትናንት ማንኩሳ ለአክስቴ ለወርቄ ደወልኩ። የአባዬ ታናሽ እኅት ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዛሬ ከሰዓት በሚኒባስ መጡ፣ ምስርና ሽንብራ ተሸክመው። ምን እንደፈለግሁ አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን አጣጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡና ወንድማቸው ፊት ተቀመጡ።

አክስቴ ሳሉ ይሻላል ብዬ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ የዚያን ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር።»

ወለሉን ተመለከቱ። ማብሪያውን። አክስቴ እኔን ያያሉ፣ እሳቸውን ያያሉ።

«ማብሪያው ለእግሬ ቅርብ ነው» አሉ አባዬ። «አንች ሩቅ ነሽ።»

ያዘጋጀሁት ነገር ነበረ። ከስብሰባ መነሣቴን፣ ግለ ሂሱን፣ ሩጫውን። አንዱም አልወጣልኝም። የቡሬውን ብቻ ነገርኳቸው። ዕድገቱን። ሰኞን።

«አውቄያለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ሳይጠይቅ እንዲከፈት ስታደርጊው ጊዜ ነው ያወቅሁት። የምትቀሪ ከሆነ ለዚህ ምን አደከመሽ?»

አለቀስኩ። አባዬ አላለቀሱም፤ ምርኩዛቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። የተናገሩት አክስቴ ወርቄ ናቸው። «እኔ ፊደል አላውቅ፤ የጻፈውን አላነብበት፣ አላጠፋበት። እስከ ፋሲካ እቀመጣለሁ። ከፋሲካ በኋላ ግን እርሻ ይደርሳል፤ መሬቴን ማን ያሳርስልኛል?»

አባዬ እሺም እምቢም አላሉ። ተነሥተው ገቡና ጋደም አሉ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 17

ገበያ ነበርኩ። ትንሽ ድስት፣ ባልዲ፣ ፍራሽ ዋጋ ስጠይቅ። ለራሴ ገና አልወሰንኩም እላለሁ፤ እጄ ግን ይገዛል።

ስልኬ ጮኸ። አባዬ። ባልዲውን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ተዘጋብዎት?»

«አይ፣ ተከፍቷል።»

«አክስቴስ?»

«ምስር እየለቀመች ነው። ገበያው እንዴት ነው?»

ገበያው! አቧራ ነው አልኳቸው፣ ሰው ሞልቷል፣ በርበሬ ተወዷል። እህ አሉ። እህ አሉ። የግሽ ዓባይ መምህራቸው ገበያ ወጥተው የተቀኙት አንድ ቅኔ ትዝ እንዳላቸው ነገሩኝ፤ ከጧት ጀምሮ እሱን እየጻፉ ነው። አነበቡልኝ። ከጋሪና ከሰው ጫጫታ ግማሹን አልሰማሁም። ሲያልቅ ደግ ነው አልኳቸው። ደግ ነው ብለው ዘጉ።

ብዙ ጊዜ እዚያው ቆምኩ። ከታመሙ ወዲህ ያለ ጉዳይ ደውለውልኝ አያውቁም።


እሑድ፣ የካቲት 18። ከቀኑ 11 ሰዓት

ዕቃዬን አሰርኩ። ፈታሁ። እንደገና አሰርኩ።

ሂጂ የሚል የለም፣ ቅሪ የሚል የለም። ይህ ነው የጨነቀኝ። ቢቆጡኝ እናደድና እሄዳለሁ፤ ቢለምኑኝ እቀራለሁ። አባዬ ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ ዋሉ። አክስቴ አጠገባቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኔ በሁለቱ መካከል እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

ቅድም አባዬ ከስክሪኑ ዐይናቸውን ሳያነሡ ተናገሩ፤ ለኔ ይሁን ለአክስቴ አልለየሁም።

«ቡሬ ከዚህ ይበርዳል።»

«አዎ» አልኩ።

«ጋቢውን ትያዝ።»

የራሳቸውን ጋቢ ነው የሚሉት። አክስቴ ተነሥተው ከአልጋው አምጥተው ከሻንጣዬ ላይ አኖሩት። ያ ነው፤ ሌላ የተባለ ነገር የለም።

እስከ ፋሲካ አክስቴ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ማን እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ለግንቦት ተመልሼ እዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ እቆም ይሆናል፣ ዕድገቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ። ምናልባት አባዬን ቡሬ ወስጄ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ይሆናል። አላውቅም። የማውቀው የነገን ነው።

ነገ ጧት በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ።