የፈታይዋ ሐውልት ከግቢዬ ወጥቶ ታክሲ ተራው ጋ እንዲቆም

ቀን፦ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐውልት ቦታ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አቃቂ ቃሊቲ

ጉዳዩ፦ ሐውልቱ ቦታ እንዲሰጠው፣ እኔም በሕይወት መኖሬ እንዲታወቅልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ጠጄ ጃለታ በፈትል ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። በ1959 ዓ.ም. ፋብሪካው በር ላይ የቆመችው፣ ክር የያዘችው የሲሚንቶ ሴት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

1. መንገዱ ሲሰፋ ሐውልቱ ተነሥቶ «ለሦስት ቀን ብቻ» ተብሎ ግቢዬ ተራገፈ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ዶሮዎቼ ትከሻዋ ላይ ይሰፍራሉ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢውም በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እጅ የሚነሣው ለእሷ ነው፤ ታላቄ መስላዋለች።

2. ኮሚቴው ሳሪስ ይሁን ቱሉ ዲምቱ እያለ ዘጠኝ ጊዜ መሰብሰቡን ሰምቻለሁ። ባለፈው ወር ክቡርነትዎ ሐውልቱን ሊለኩ መጥተው፣ ከሥሩ «ማንነቷ ያልታወቀ ሟች ሠራተኛ» ተብሎ እንደሚጻፍ ነገሩኝ። «እኔ እኮ ነኝ» ብልዎ፣ «እማማ፣ ጥናቱ ሞታለች ነው የሚለው» አሉኝ። ልሣቅ ወይስ ላልቅስ፣ ጨነቀኝ። ባለሱቋ ጎረቤቴ ሐጀራ ግን አላስቻላትም። «እስቲ ጎኗ ይቁሙ፣ እሳቸውም ይዩ!» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ነጠላዬን ከራሴ አውርጄ፣ አገጬን ቀና አድርጌ ቆምሁ። ክቡርነትዎ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። «አፍንጫ ላይ ልዩነት አለ» አሉ። የእሷ በክሬን ሲነሣ የተሰበረ ነው፤ የእኔን ማንም አልሰበረውም። ከዚያ ሜትርዎን ጠቅልለው ሄዱ።

3. ሳሪስም ቱሉ ዲምቱም ጥሩ ሰፈር ናቸው። ነገር ግን እኛ ፈታዮቹ ከፈረቃ ወጥተን አውቶቡስ የምንጠብቀው ዛሬ ታክሲ ተራ በሆነው ቦታ ነበር። ከእነዚያ ሴቶች የቀረነው እኔና እታገኝ ብቻ ነን፤ እሷም ዓይኗ አያይም። ባለፈው እሑድ መጥታ እጇን ሐውልቱ ላይ አሳረፍሁላት። ጣቶቹን ዳበሰችና «ይህ ክር አያያዝ የወርቅነሽ ነው» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው። ቀራፂው የእኔ እጅ ወፍራም ሆኖበት፣ ለእጁ የቆመችለት የሥራ ባልደረባችን ወርቅነሽ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። እስከ ዛሬ ይህን ለማንም አልተናገርሁም ነበር።

ስለዚህ ሐውልቱ ታክሲ ተራው ጋ እንዲቆም፣ ጽሑፉም «ፊቷ የጠጄ ጃለታ፣ እጇ የወርቅነሽ ቃልቤሳ» ተብሎ እንዲታረም በትሕትና እለምናለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባም ቀርቤ እንድታይ ይፈቀድልኝ። ወንበር ባይኖር ግድ የለም፤ ለቀራፂው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቆሜለታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ጠጄ ጃለታ
(ፊርማ)