ፔርሙዝ የሚመስለው ሕንፃችን

ረቡዕ

አስጠላኝ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፣ አስጠላኝ! ጠዋት ጊዜያዊዋን የቆርቆሮ ሱቄን ልከፍት ስወርድ የድሮው ሱቃችን በፈረሰበት ቦታ፣ በቆርቆሮው አጥር ላይ ሥዕሉን ሰቅለውታል። እኛ የረድፉ ነጋዴዎች በአክሲዮን ተደራጅተን የምንሠራው ሕንፃ፣ ስንት ጊዜ እንደ ሕልም ያወራንለት፣ ይኸው መጣ። ሃያ ምናምን ፎቅ። ከላይ እስከ ታች ወርቅማ መስታወት። ወገቡ ጠበብ፣ አናቱ ላይ ክዳን የመሰለ ነገር።

አፌን ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ የታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ፔርሙዝ ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከሳቅሁ በኋላ ነው ያናደደኝ። ሰው ያለውን ሁሉ አዋጥቶ ፔርሙዝ ያሠራል?

ይባስ ብሎ ከሥሩ «በአባላት ሙሉ ድምፅ የጸደቀ» ይላል። ማን አጸደቀው? ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን አቶ ፍቅሬ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ማሳየት ሲጀምር መብራት ጠፋ። ሽማግሌው ሰዓት ጠጋኝ ሐጂ ኑሩ ብቻ በጨለማው ተነስተው «ለመመረቁ ያብቃን፣ በሰላም ያኑረን» ብለው መረቁን። «አሜን» ብለን በስልክ መብራት ደረጃውን እየፈለግን ወጣን። በቃ፣ ይኸው ነው የማስታውሰው።

ሐሙስ

አቶ ፍቅሬ ቢሮ ሄድኩ። እንኳን ሄድኩ፣ ባልሄድ አልሰማም ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ ራስዎ አይደሉም እንዴ አሜን ያሉት?» አለኝ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ። «እንዲያውም ከሁሉም የርስዎ ድምፅ ነበር የሚሰማው።»

«እና ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም ልበል?»

«በጨለማ እጅ ማውጣት ማን ያያል? በአሜኑ ወሰድነው።»

በአሜን! እግዚኦ! እኔ አሜን የምለው ለመጣው ሁሉ ነው። ለሠርግ፣ ለአዲስ መኪና፣ ለማላውቀው ሰው ልጅ ፈተና። አሜን ብዬ ሕንፃ ማጽደቄን በምን አውቄ!

ከዚያ የኔ ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቅሁት። አራተኛ ፎቅ ነው አለኝ። ምድር ቤቱ ለባንክ ነው፣ ለእብነ በረድ ነው፣ ደግሞ ፏፏቴ አለበት። ለፏፏቴ ቦታ አለ፣ ለኔ የለም። አንገሸገሸኝ።

እኔ እኮ የምሸጠው ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ገበርና ክር ነው። ማን ነው ቁልፍ ልግዛ ብሎ ከቤቱ የሚነሳ? ልብስ ሰፊው ለሌላ ጉዳይ ሲያልፍ ያየኛል፣ «እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ቡኒ አለ?» ይላል፣ ገዝቶ መንገዱን ይቀጥላል። ለአንድ ዚፕ ሊፍት የሚጠብቅ ልብስ ሰፊ እስካሁን አልተወለደም። መብራት ሲጠፋስ? አራተኛ ፎቅ ወጣሁ ማለት ሱቄን ዘጋሁ ማለት ነው። ይህን ስነግረው አቶ ፍቅሬ «ዘመናዊነትን ይልመዱ» አለኝ። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። ደስ አለኝ።

አርብ

ክርክር ነው የዋለው። እውነቱን ለመናገር ክርክር እወዳለሁ፣ ግን የዛሬው በዛብኝ። ኮት ሰፊው እንደ ድሮ ቤቶች የእንጨት በረንዳ ይኑረው ይላል። ወርቅ ሠሪዎቹ ለወርቃማነቱ ሞተዋል፣ ሰማያዊ ቢሆን ግን ይሻላል የሚልም ከውስጣቸው አለ። ሽቶ የሚሸጠው ጎረቤቴ ከወዲያ ማዶ ካለው ሕንፃ በአንድ ፎቅ ይብለጥ እንጂ ሌላው ግድ የለኝም ይላል። ውቤ በረሃ ቡና ቤት ያለው ወንድሙ፣ አባል እንኳ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ሄሊኮፕተር ይረፍበት ብሎ መጣ።

ያበሸቀችኝ ግን ዘይነባ ናት። አጠገቤ ጫማ ስትሸጥ የኖረች፣ አንድ ሳህን የምንበላ ጓደኛዬ!

«ብርቄ፣ አንቺ ደግሞ! ሰው ዱባይ ድረስ ሄዶ የሚያየውን ደጃችን ላይ ሊያቆሙልን ነው።»

«የምን ዱባይ? ሻይ የሚያዞሩበት ዕቃ ነው!»

«ይሁንልሽ። በየፎቁ ሽንት ቤት አለው። ጠይቄያለሁ።»

የድሮው ሱቃችን ሽንት ቤት አልነበረውም። ያልፈለግነውን ሻይ ሆቴል ገብተን እያዘዝን ነው ሁለታችንም የኖርነው። እሷ ስታረግዝ፣ እኔ ኩላሊቴን ስታመም፣ ስንት ሻይ ጠጣን። «እኔ አሚን ያልኩት ለሱ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። ምሳ ለየብቻችን በላን።

ቅዳሜ

ሐጂ ኑሩ ጋ ሄድኩ። ሰዓት እየጠገኑ ነበር።

«ሐጂ፣ ምርቃትዎን ይመልሱልን» አልኳቸው።

ዓይናቸው ላይ ያለችው ማጉያ እስክትወድቅ ሳቁ። «ልጄ፣ የወሎ ሰው ምርቃት ሰጥቶ መልሶ ሲወስድ የት አየሽ?»

«በርስዎ ምርቃት እኮ ነው ሕንፃው የጸደቀው።»

ሳቁን አቆሙ። ጭራሽ አልሰሙም ነበር ለካ። ሥዕሉንም አላዩትም፣ ያን ዕለት መነጽራቸው ቤት ቀርቶ። ክንዳቸውን ይዤ አጥሩ ድረስ ወሰድኳቸው። ቀና ብለው አዩ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ሄደው አዩ።

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ። «እኔን ይህን ነው ያስመረቃችሁኝ?»

ኧረ ከረቡዕ ጀምሮ እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም።

እሁድ

በሐጂ ጥያቄ የተጠራው ስብሰባ በቀን ሆነ፣ መጋረጃውም ተገለጠ። የሕንፃውን ሥዕል የሠራው ወጣትም መጥቷል። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው፣ በጣም ልጠላው አስቤ አልሆነልኝም።

ሐጂ ቀድመው ተነሱ። «እኔ የመረቅሁት እናንተን ነው» አሉ። «ምርቃቴም እንዳለ ነው፣ አላነሳውም። እንግዲህ ያን ቀን ለዚህ ሥዕል አሚን ያላችሁ ቁሙ። ለራሳችሁ አሚን ያላችሁ ተቀመጡ።»

አቶ ፍቅሬ ቀድሞም ቆሞ ነበር። ወርቅ ሠሪዎቹ ተነሱ። ዘይነባ ከወንበሯ ብድግ ብላ መሀል ላይ ቀረች፤ አልቆመች፣ አልተቀመጠች። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ሥዕሉ ከተቀየረ ሽንት ቤቱ ይቀራል?» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን ሳይስቅ «አይቀርም እትዬ፣ ቃሌ ነው» አላት። ተቀመጠች። የተቀመጥነው በለጥን።

አቶ ፍቅሬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «መጥላትማ ቀላል ነው! የምትወዱትን አምጡ እስቲ!» ብሎ ኮሚቴ ይመረጥ አለ። ከሁሉ በፊት የተጠራው የኔ ስም ነው፣ የጠራችው ዘይነባ። በእልህ ነው ወይስ ታርቃኝ፣ አላወቅሁም።

ሰኞ

ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቆርቆሮ ሱቄ ድረስ መጣ። ዘይነባ ሳልጠይቃት የራሷን በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችው፣ እሷም አጠገቡ ቆመች።

«እትዬ ብርቄ፣ እንዴት ያለ ሕንፃ ይወዳሉ?» አለኝ።

እኔ! ሳምንቱን ሙሉ አስጠላኝ፣ ቀፈፈኝ፣ ዘገነነኝ ስል የከረምኩት ሴትዮ፣ ምላሴ ታሰረ። ቀለሙስ? እኔ እንጃ። መስታወት ይሁን ድንጋይ? እኔ እንጃ። አቶ ፍቅሬ ልክ ነበር ማለት ነው? እንዲህ ማሰቡ ራሱ አስጠላኝ።

በመጨረሻ ልጁን ከበርጩማው አስነሳሁትና መንገዱ ላይ እንዲቆም አደረግሁት። «ልብስ ሰፊ ነህ እንበል። ቸኩለሃል። እለፍ።» አለፈ። «አየኸኝ?» አየሁ አለ። «ቁልፎቹንስ?» ተመልሶ አለፈ፣ አሁን ቀስ ብሎ። ዘይነባ «ጫማዬንም እይ እንጂ!» አለችው።

ተመልሶ ተቀመጠና ወረቀቱ ግርጌ ላይ አንዲት በር ሣለ፣ ደረጃ የሌላት፣ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል። ቀጥሎ ሌላ በር፣ የዘይነባ ነው አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከበሮቹ በላይ ምንም አልሣለም፣ ወረቀቱ እስከ አናቱ ነጭ ነው። እዚያ ላይ ማን ምን እንደሚከምርበት እግዜር ይወቅ። ወርቅ ሠሪዎቹ ዛሬም መስታወታቸውን አልተዉም።

ምሳ ዘይነባ ጋ በላሁ። ጨው በዝቶበታል፣ አልነገርኳትም።