ስሟን ያጣችው ነቀዝ፦ የአቶ አምሃ ዘርይሁን የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሃ ዘርይሁን ከአባታቸው ከአቶ ዘርይሁን ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጸደ አስማማው በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው እህል ነጋዴ ነበሩና አቶ አምሃ ነቀዝን ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁት ነበር። በ1956 ዓ.ም. ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመርቀው ለአሥራ አምስት ዓመት በእህል ተባይ ጥናት አገልግለዋል።

በ1962 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኤልፍነሽ ኢሳያስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ጸዮንን ወለዱ። በ1971 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ገዳሪፍ ላይ በወባ አረፉ። መቃብራቸውን የክረምት ጎርፍ ስለወሰደው ዛሬ ምልክት እንኳ የለውም።

አቶ አምሃ በ1978 ዓ.ም. ከልጃቸው ጋር ቶሮንቶ ገብተው ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈር ኖሩ። ለኑሯቸው ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ነፍሳት ተሰብስበው በሚጠኑበት አንድ ክፍል በነጻ ያገለግሉ ነበር። እዚያም ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡ፣ ማንም ያልለያቸው ነቀዞች በሣጥን ተሰጧቸው። አራት ዓመት ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሲለኩ ቆይተው፣ አፍንጫዋ የረዘመ አንዲት ነቀዝ ከታወቁት ሁሉ የተለየች ሆና አገኟት። በ1987 ዓ.ም. በወይዘሮ ኤልፍነሽ ስም ሰይመው ግኝታቸውን አሳተሙ። ዜናው በቤተ ክርስቲያን ሲነገር እንዴት እንዳለቀሱ ያየ ያስታውሳል። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ዘግይተውም ቢሆን የመቃብር ድንጋይ አገኙ አልን።

በ1990 ዓ.ም. ግን ያቺ ነቀዝ ከመጣችበት ደሴት፣ አንድ ቅጠል ላይ ተጣምረው የተያዙ ሁለት ነቀዞች ደረሷቸው። ባለረጅም አፍንጫዋ ሴቷ ነበረች፤ ባለአጭሩ ወንዱ፤ ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ማለት ነው። ወንዱ ደግሞ ከስድሳ ዓመት በፊት ስም ወጥቶለት ነበር። በሙያው ሕግ የቀደመው ስም ይጸናል፣ የኋላው ይሰረዛል።

በዚያው ሰሞን የጨጓራ ካንሰር ተገኘባቸው። እኔ ታናሽ እህታቸው ትርፌና ጸዮን ስለ ነቀዟ ዝም እንዲሉ ለመንናቸው። ከእሳቸውና ከእኛ በቀር ያወቀ አልነበረም። አልሰሙንም፤ ይህን ስጽፍም እልሁ አልለቀቀኝም። የእርማቱን ደብዳቤ ሆስፒታል ተኝተው ጻፉ። ለእኔም፣ «የሞተ ሰው ታሪክ ሲነበብ ሁሉም ጻድቅ ነው። አንቺ ስህተቴን ዘለሽ እንዳታነቢ። ኤልፍነሽን በውሸት ላይ አላስቀምጣትም» አሉኝ።

ይኸው፣ አልዘለልኩም።

አቶ አምሃ ኅዳር 12 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንዲት ሴት ልጅና አንዲት እህት ትተዋል። ጸዮን ትናንት ሄዳ፣ ሁለቱ ነቀዞች በአባቷ ትእዛዝ አንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን መሰካታቸውን አይታለች። የእናቷ ስም ከሣጥኑ ላይ ተነሥቷል።

አምላክ ዛሬ ለቶሮንቶ አፈር የምንሰጣቸውን አቶ አምሃንና ጎርፍ የወሰደብንን ወይዘሮ ኤልፍነሽን በአንድ ሥፍራ ያሳርፍልን። አሜን።