የእኔ ድርሻ ታው

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት ወይ? እኔ ደከመኝ እንጂ፣ ይመስገነው፣ አለሁ። ከቤቴ ከፋርስታ ፍሌሚንግስቤሪ ሐኪም ቤት መመላለስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኛል። ጡረታ ወጣሁ ስል ሌላ መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ።

ባለፈው በስልክ «ዕድሜህን ሙሉ ለፈረንጅ የዕብራይስጥ ፊደል ስታስተምር ኖረህ፣ ለእኔ አንድ ቀን አላስረዳኸኝም» ብለው ተቆጡኝ። እውነትዎን ነው።

እናታችን በሃያ ሁለቱ የዕብራይስጥ ፊደላት የተከፈለውን የመቶ ዐሥራ ስምንተኛውን መዝሙር ስታከፋፍለን ለእርስዎ ለበኩሯ አሌፍን፣ ለወንድማችን ለሊባኖስ ጋሜልን፣ ለእኔ ለመጨረሻው ታውን ሰጠች። «እንደ ጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ» የሚለው ያለው እኔ ድርሻ ላይ ነው፤ ስዊድን እንደምቀር አውቃ ነው መሰለኝ። ሊባኖስ ሲያርፍ ጋሜልን ለልጁ ለአክሊል አሻገሩት። እኔ ሩቅ ስለሆንኩ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ዳዊት ሲደግሙ፣ ታው ላይ ሲደርሱ ስሜን ጠርተው ያነቡልኛል።

አሌፍ ጥንት የበሬ ራስ ሥዕል ነበረች። ቀንበሩን ተሸክመው ላሳደጉን ለእርስዎ ትገባለች። ሥዕሉን የጀመሩት ግብፅ ምድር የነበሩ የከነዓን ሰዎች ናቸው ይባላል፤ ዕብራውያን ከጎረቤት ወረሱት። ኋላ ባቢሎን ተማርከው ሲመለሱ የአራማውያንን ፊደል ይዘው ገቡ፤ ዛሬ የምናየው ባለ አራት ማዕዘኑ እሱ ነው። የአባቶቻቸውን ፊደል ቀስ በቀስ ተዉት፣ መዝሙሩን ግን አልተዉትም። ይህን ስንት ዓመት ሳስተምር ምንም አልመሰለኝም ነበር። አሁን ልጄን ሳሌምን ሳይ ያጽናናኛል።

ሳሌም አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው፣ የእኛን ፊደል አትለይም። ቅድም አጠገቤ ቁጭ ብላ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስለ ድሮ ፊደል ነው አልኳት። አልዋሸኋትም። ሐኪሙ ያለኝን ግን እንዴት አድርጌ ልንገራት? ሆድ ይፍጀው። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን የምትከተውም እሷው ናት።

እትዬ፣ የጥንቷ ታው መስቀል ነበረች፤ ሁለት መስመር ብቻ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ይሥላታል። ለሳሌም አትከብዳትም።

እግዚአብሔር ዓርብዎን ያብዛልዎ፣ ዓይንዎን ከዳዊቱ አይለይብዎ። ይህ ሲደርስዎ፣ ታው ላይ ሲደርሱ፣ የእኔን ስም ይተዉትና የሳሌምን ይጥሩልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ