በሩ ሳይዘጋ እንዲነገር የለመኑት የአቶ ኅሩይ ወልደሥላሴ የሕይወት ታሪክ

እሑድ ኅዳር 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ዙሪክ ውስጥ፣ አርባ ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ፣ የስደተኞች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ዶክተር ተክለሃይማኖት የአቶ ኅሩይን ታናሽ ወንድም ቢረሳውን "አንተ የቀበሌ ጆሮ! የወንድምህን ልጅ ያስበላህ!" ብለው ሰደቡት። የሕይወት ታሪክ በስድብ እንደማይጀመር ይህን የጻፈው ቢረሳውም ያውቃል፤ ያን ያህል አልደነቆረም። ነገር ግን ጋሼ ኅሩይ እስከ ዕለተ ሞታቸው የተሟገቱት በዚያች ቀን ነገር ስለሆነ፣ ከእሷ ካልተጀመረ ታሪካቸው አይገባም።

አቶ ኅሩይ ከአባታቸው ከባላምባራስ ወልደሥላሴ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ ተሰማ፣ ሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አጠገብ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ከጠላት በኋላም ዘመናዊ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ቢረሳውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን ሲያቋርጥ ሌላው ሲስቅበት እሳቸው አንድ ቀን አላዋረዱትም። በ1946 ዓ.ም. ወይዘሮ ሕብስትን በተክሊል አግብተው አስፋን፣ ፈትለወርቅንና ምንትዋብን ወለዱ።

ቀበሌ ሲቋቋም ቢረሳው በጡሩንባ እየዞረ ሕዝቡን ለስብሰባ እንዲጠራ ታዘዘ። እምቢ የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። ከስብሰባ የቀረ ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ደግሞ ስኳርም አያገኝ፣ እንቅልፍም አያገኝ። መጋቢት 1970 ዓ.ም. ግን ማንም ያልተጠራበት ስብሰባ ሆነና የሃያ ሁለት ዓመቱ የአስፋ ጉዳይ በዝግ በር ታየ። አባትና አጎት ደጅ ቆመው ዋሉ። ማን ምን እንዳለ፣ ማን እጁን እንዳወጣ አልሰሙም። አስፋን በጓሮ በኩል አወጡት፤ ሬሳውም አልተሰጠም።

በ1972 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ቤተሰባቸውን ይዘው ጄኔቭ ገቡ። ሰርቬት ሰፈር ጥቂት ከቆዩ በኋላ ከከተማው ወጣ ባለችው ቬርኒየ፣ ሊኞን ሰፈር ቤት አገኙ፤ ማዘጋጃ ቤት የጻፉበት እጃቸው የሆስፒታል አንሶላ አጠበ። በዓመቱ የሕንፃው መግቢያ ላይ የኮሚውኑ፣ የነሱ ቀበሌ እንደማለት፣ ምክር ቤት ስብሰባ ማስታወቂያ ተለጥፎ አዩ። ከስብሰባ መቅረት መዘዝ ያመጣል ብለው ክራቫታቸውን አስረው፣ ወይዘሮ ሕብስትንና ቢረሳውን አስከትለው፣ ምንትዋብን ለአስተርጓሚነት ይዘው ሄዱ። ሲያልቅ በር ላይ ለቆሙት ሰው "መጥተናል፤ ስማችንን ያዙልን" አሏቸው። ሰውየው ግራ ገባቸው። ምንትዋብ መልሱን ሰምታ ሳቀች።

"አባዬ፣ ግዴታ አይደለም እኮ ይላል! የፈለገ ይመጣል፣ የሰለቸው ይሄዳል። ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሕግ ነው።"

አውቶቡስ ውስጥ ከጋሼ ኅሩይ በቀር ሁላችንም ሳቅን። ሊኞን ስንወርድ እሳቸው፣ "ሕብስት፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳ ሊነጋገሩ በር ከፍተው ወንበር ሰጡን። የኛን ልጅ ግን..." ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ከቬርኒየ ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። የሕዝቡ ወንበር ከኋላ ነው፤ መስማት እንጂ መናገር አይፈቀድም። በር መዝጋት ካስፈለገም ምክንያቱ አስቀድሞ በሁሉ ፊት ይነገራል። ፈረንሳይኛው ሳይገባቸው ይህች ደንብ ገብታቸዋለች።

በዚያች በዙሪኳ እሑድም ዶክተሩ ሰድበው ሲያበቁ፣ ቢረሳው ይውጣ፣ በሩም ይዘጋ ብለው አዘዙ። ጋሼ ኅሩይ ተነሡ።

"የሞተው የኔ ልጅ ነው። ወንድሜ አላስበላውም። ምስክር ያለው ፊት ለፊቱ ይናገር፤ ካልሆነም ለምን እንደምትዘጉ ንገሩን።"

"ጋሼ፣ ይኼ ቬርኒየ አይደለም፤ ይቀመጡ" ተባሉ። የተማረው ሁሉ ሳቀ።

እሳቸውም ወጡና ደረጃው ላይ ከወንድማቸው ጎን ተቀመጡ። "ለስብሰባ የታደልን አይደለንም፣ ቢረሳው" አሉት። ከውስጥ የወጣው ውሳኔ ቢረሳው ከማኅበሩ ተሰርዟል የሚል ነበር። ምክንያቱ አልተነገረውም። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ከእሱ ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል።

ጋሼ ኅሩይ ሦስት ዓመት ሙሉ ጉዳዩ ሕዝብ ባለበት እንዲታይ በደብዳቤም በአፍም ለመኑ። "ወደፊት ይታያል" ይባሉ ነበር። በ1980 ዓ.ም. የጨጓራ ካንሰር ያዛቸው። ሲጠናባቸውም የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ "አንዴ፣ ሁሉ እየሰማ፣ ቢረሳው ንጹሕ ነው ይባልለት" ይሉት ነበር። ሳይባል፣ ሐሙስ የካቲት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሕብስት፣ ልጆቻቸው ፈትለወርቅና ምንትዋብ፣ ወንድማቸው ቢረሳው ቀርተዋል። አምላካችን ደጅ ከማይጠናበት ቤቱ ያስገባቸው፤ ከአስፋም አጠገብ ያስቀምጣቸው።

እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ግን ቅዳሜ ዶክተር ተክለሃይማኖት ከዙሪክ መጥተው ለቅሶ ደረሱ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ቀስ ብለው ወደ ቢረሳው ተጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጋሼ ቢረሳው፣ በርስዎ ላይ የተባለው ሐሰት መሆኑን ካወቅን ቆይተናል። ይቅርታ ልጠይቅዎት። እስቲ ወደ ጓዳ ገባ እንበል፤ በሩንም መለስ እናድርገው" አሉት።

ቢረሳው የተቀመጠውን ሰው ዞሮ አየ። ኮቱን አነሣና በሰዉ መካከል አልፎ ወጣ።